ሳይሥቁ ስለሚያሥቁ ሰዎች

እግዚአብሔር በስተርጅና ልጅ እንደሚሰጠው ለአብርሃም በነገረው ጊዜ አብርሃም በግንባሩ ወድቆ ሣቀ። ሣራም በድንኳኑ ደጃፍ ሆና የእንግዶቹን ቃል ስትሰማ በልቧ ሣቀች፤ ስለ ሣቋ በተጠየቀች ጊዜም ፈርታ ካደች። ይህ ነገር በኦሪት ዘፍጥረት በ17ኛውና በ18ኛው ምዕራፍ ተጽፎ ይገኛል። በቅዱስ መጽሐፍ የሣቅ ነገር መጀመሪያ የተነሣው በዚህ ስፍራ ሲሆን፥ የመጀመሪያው ሣቅ የተሰወረ ሣቅ መሆኑ ሊስተዋል ይገባዋል። አንዱ ፊቱን ወደ ምድር ደፍቶ፥ አንዲቱም ሣቋን ወደ ልቧ መልሳ ሣቁ እንጂ በእንግዳ ፊት ጥርሳቸውን አልገለጡም። የተወለደው ልጅ ግን ይስሐቅ ተባለ፤ ትርጓሜውም በዕብራይስጥ ይሥቃል ማለት ነው፤ የግእዙም ሠሐቀ የዚያው ዘመድ ነው። እንግዲህ ሁለቱ ወላጆች የደበቁትን ሣቅ ልጁ ዕድሜውን ሙሉ በስሙ ተሸክሞት ኖረ።

ሣቅን መግታት ለማንም ሰው ቢሆን አስቸጋሪ ነው። በተስካር ቤት፥ በፍርድ አደባባይ፥ በማኅሌት መካከል እንኳ ሣቅ ያመለጠው ሰው ነጠላውን ወደ አፉ ሲያስጠጋ፥ ከንፈሩን ሲነክስ፥ ዓይኑን ወደ ጣራ ሲሰቅል ያልታየበት ደብር የለም። ነገር ግን ሥራው ማሣቅ የሆነ ሰው ከሌላው ይልቅ ፈተናው ይጸናበታል። የሚያሥቀውን ነገር ከሰሚዎቹ ሁሉ አስቀድሞ የሚያውቀው እርሱ ነው፤ ስለዚህ አስቀድሞ መሣቅ የሚገባው እርሱ ይመስላል። ዳሩ ግን እርሱ አስቀድሞ ከሣቀ ሌላው የሚሥቅበት ነገር አይተርፍም። ባለሞያ ሴት ወጧን ሳትቀምስ አታወጣም፤ ድስቱን ጨርሳ ከበላችው ግን ለእንግዳ የምታቀርበው ምንድን ነው?

ይህን ነገር የጥንት ሰዎችም አስተውለውታል። ኪኬሮ የተባለው ሮማዊ የንግግር ሊቅ ስለ ተናጋሪ በጻፈው መጽሐፉ፥ ተናጋሪው ፊቱን ባከበደና ባጨፈገገ መጠን ዋዛው ይበልጥ እንደሚጣፍጥ ያስረዳል። በቅርቡ ዘመንም በስተር ኪተን የተባለው አሜሪካዊ፥ እ.ኤ.አ. በ1895 ተወልዶ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ከአባቱና ከእናቱ ጋራ በመድረክ ሲወረወርና ሲንከባለል ያደገ፥ እርሱ የሣቀ እንደ ሆነ ሕዝቡ እንደማይሥቅ በልጅነቱ ተረዳ፤ ከዚያ በኋላ ድምፅ በሌለው ሲኒማ ቤት ሲፈርስበት፥ ባቡር ሲያሳድደው፥ ፊቱ እንደ ድንጋይ ሳይነቃነቅ ዓለምን አሣቀ። እንግሊዞች ደግሞ ተዋናይ በመድረክ ላይ ሣቅ ሲያመልጠው ሬሳ ሆነ ይሉታል። ነገሩ የመጣው የሞተ ሰው ሆኖ የተኛ ተዋናይ ባልንጀሮቹ ሲያሥቁት ሆዱ ሲንቀጠቀጥ ከመታየቱ የተነሣ ነው ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1978 በአሜሪካ ቴሌቪዥን ይታይ በነበረው በካሮል በርኔት ትርዒት ቲም ኮንዌይ የተባለው ተዋናይ የጥርስ ሐኪም ሆኖ የማደንዘዣውን መርፌ በስሕተት የራሱን እጅ ወግቶ ሲደነዝዝ፥ በሽተኛ ሆኖ የተቀመጠው ሃርቪ ኮርማን ሣቁን ለመግታት የተጨነቀው ጭንቀት ከጨዋታው ይልቅ ሕዝቡን አሥቋል። ተመልካች እንዲህ ያለውን ድካም ይወድደዋል፤ በእውነት የተሸነፈ ሰው ስለሚያይ ነው። ተዋናዩ ይህን አውቆ በየጊዜው ሆነ ብሎ የተሸነፈ እንደ ሆነ ግን ነገሩ የውሸት ልቅሶ እንደሚያለቅስ አልቃሽ ይሆናል።

በአገራችን ይህን ጥበብ ያስተማረው የትኛው ትምህርት ቤት እንደ ሆነ ቢመረመር፥ ከቲያትር ቤት አስቀድሞ የሚገኘው ቅኔ ቤት ነው። የቅኔ ተማሪ ከጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ጀምሮ እስከ መወድስ እስኪደርስ ድረስ የሚማረው ቃልን ከቃል ማስማማት ብቻ አይደለም። ሰሙን በአፉ፥ ወርቁን በልቡ ይዞ በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት መቆምንም ይማራል። ቅኔውን ሲዘርፍ ፊቱ ወርቁን የገለጠበት እንደ ሆነ ቅኔው ተበላሸ። ሰሚው ደክሞ ማግኘት የሚገባውን ነገር ዘራፊው በፈገግታው አስቀድሞ አሳልፎ ሰጠበትና። ኅብር በሚባለው አገባብ አንዱ ቃል ሁለት ነገር ተሸክሞ ሲወጣ፥ ዘራፊው አንዱን ብቻ እንደሚያውቅ ሰው ሆኖ ይቆማል። ጉባኤውም የገባው ነቅነቅ ይላል፤ ያልገባው ዝም ይላል፤ ማንም አያፍርም።

የዚህም ጥበብ አባት አለቃ ገብረ ሐና ናቸው። አለቃ በፎገራ በናበጋ ተወልደው፥ በጎንደር ተምረው፥ ከዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን እስከ ዐፄ ምኒልክ ዘመን የኖሩ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ነበሩ። ዛሬ ስማቸው ሲጠራ ሕዝቡ የሚያስታውሰው ጨዋታቸውን ብቻ ነው፤ ሆኖም ደብተራ ሁሉ ሊያስታውሰው የሚገባ ሌላ ሥራ አላቸው። የተክሌ አቋቋም የሚባለው የዝማሜ ሥርዓት ከእርሳቸው ወጥቶ ለልጃቸው ለተክሌ የተላለፈና በደብረ ታቦር የጸና ነው። በጣና ዳር ደንገል በነፋስ ሲወዛወዝ፥ ማዕበሉም ሲመላለስ አይተው የመቋሚያውንና የሰውነቱን አካሄድ ከዚያ እንደ ቀዱ ሊቃውንት ይተርካሉ። ማኅሌት በቆመበት ሌሊት ተክሌ የሚዘምም ሰው ሁሉ በአለቃ ገብረ ሐና ሥርዓት ይንቀሳቀሳል፤ ነገር ግን ብዙዎች ይህን አያውቁም። ቀልዱ ሊቁን ሸፈነው። ይህ ደግሞ የቀልደኛ ሁሉ ዕጣ ነው፤ ቁም ነገሩን ለመናገር ቢነሣ እንኳ ሰሚው አስቀድሞ ጥርሱን አዘጋጅቶ ይጠብቀዋል።

በአለቃ ስም ከሚነገሩት ጨዋታዎች አንዱ የመሶቡ ነገር ነው። በአንድ ቤት ተጋብዘው ሳሉ እመቤቲቱ የመሶቡን ክዳን ብታነሣ አይጥ ዘልላ ወጣች ይባላል። እመቤቲቱ እንግዳው ያላዩ መስሏት እንጀራውን አቀረበች፤ አለቃም እንዳላዩ ሆነው ተቀመጡ። በሚነሡበትም ጊዜ እንደ ካህን ወግ ምርቃት ሰጡ፤ ከመሶብዎ አይጥፋ አሉ። እርስዋም አሜን አለች። ቃሉን በሙሉው ለሰማው ሰው በረከት ነው፤ ከፍሎ ለሰማው ሰው ግን በምርቃቱ ውስጥ አይጢቱ ተቀምጣለች።

በዚህ ጨዋታ ውስጥ ሁሉ ነገር የተንጠለጠለው በአለቃ ፊት ላይ ነው። ምርቃቱን ሲሰጡ ከንፈራቸው ጥቂት እንኳ ፈገግ ብሎ ቢሆን፥ እመቤቲቱ ቃሉን መልሳ ትመረምረው፥ አይጢቱንም ታገኛት ነበር። ያን ጊዜ ዋዛው ስድብ ይሆን ነበር፤ በእንግዶችዋ ፊትም ታፍር ነበር። አለቃ ፊታቸውን ስለ ገቱ ግን ለእመቤቲቱ ሁለት በር ተከፈተላት። ያልገባት እንደ ሆነ ምርቃት ተቀበለች፤ የገባት እንደ ሆነም እንዳልገባት ሆና አሜን ማለት ተቻላት። እንግዲህ የቀልደኛ ፊት መከበድ ቀልዱን ማጣፈጫ ብቻ አይደለም። የሚቀለድበትንም ሰው ክብር የሚጠብቅ መጋረጃ ነው። ሰም የሌለው ወርቅ ያቃጥላል።

አዝማሪም በዚሁ መንገድ ይሄዳል። በግብርና በሠርግ ቤት ማሲንቆውን ይዞ ከተጋባዡ ሁሉ ግጥም ይቀበላል፤ አንዱ እንግዳ ሌላውን ለመንካት የሰጠውን ቃል ያው እንዳለ ይደግመዋል። ቃሉ የሌላ፥ ድምፁ የአዝማሪው ነው። በዚህ ጊዜ አዝማሪው ፈገግ ያለ እንደ ሆነ ወገን ለየ ማለት ነው፤ ስለዚህ ማሲንቆውን ዝቅ ብሎ እያየ፥ ነገሩ እንዳልገባው ሆኖ፥ ደግሞ ደጋግሞ ይጫወታል። ጌታው የተቈጣ እንደ ሆነም እኔ የተሰጠኝን ተቀበልሁ እንጂ ምን አደረግሁ ለማለት ይችላል።

ይህ መጋረጃ ግን የሚያገለግለው በሁለት ወገን ቋንቋውን በሚያውቁ ሰዎች መካከል ብቻ ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ፥ ያ የፋሺስት ገዥ ጠንቋዮችና ደብተሮች፥ በየገበያው የሚዘፍኑና የሚተርኩ ሰዎችም ተይዘው እንዲገደሉ አዘዘ፤ ብዙዎችም ተገደሉ። ሰምና ወርቅን መለየት ያቃተው ገዥ ወርቁ የት እንዳለ ስለማያውቅ ሰሙን ሁሉ ሰበረ። የኢትዮጵያ መኳንንት በአዝማሪ ቃል ተነክተው ሲቈጡ፥ አንዳንድ ጊዜም ሲያስገርፉ ኖረዋል። ነገር ግን ቃሉን መርምረው ነበር። ጣሊያን ግን የፊቱን ዝምታ እንደ ወንጀል ቈጠረው።

ወደ ቲያትር በተመጣ ጊዜ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በሩስያ ወታደርነትን ተምረው የተመለሱ፥ ኋላም የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ሲጻፍ የደከሙ፥ በጄኔቫም ለኢትዮጵያ የተሟገቱ ሰው ናቸው። እርሳቸው ፋቡላ የተባለውን የአውሬዎች ኮሜዲያ ጽፈው በ1913 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ቴራስ በሚባለው ሆቴል በመኳንንቱ ፊት አሳዩ። የመጀመሪያው የአማርኛ ቲያትር ይህ ነው። የቀዱትም ከፈረንሳዊው ከላ ፎንቴን ተረቶች ነበር፤ አንበሳና ቀበሮ፥ ጦጣና ዝንጀሮ እንደ ሰው ይነጋገራሉ። ነገር ግን በአውሬዎቹ ቃል ውስጥ የመንግሥቱ ሥራ መበላሸት፥ የሹማምንቱም ስንፍና ተቀምጦ ነበር። መኳንንቱ ሰሙን ወስደው ስለ ቀበሮ ተንኰል ለመሣቅ ይችሉ ነበር፤ እነርሱ ግን ወርቁን አገኙ። ነገሩ ወደ ንግሥት ዘውዲቱ በደረሰ ጊዜ ቲያትሩ ተከለከለ፥ መጽሐፉም ተሰበሰበ። ሊቀ ጠበብት የሚሉት ነገር ቢኖር፥ ያ ክልከላ ለአማርኛ ቲያትር የተሰጠ የመጀመሪያው የፈተና ውጤት ነው፤ ተማሪው አለፈ፥ ነገር ግን ትምህርት ቤቱ ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ ቲያትርን በእግሩ ያቆመው ዮፍታሔ ንጉሤ ነው። ዮፍታሔ በጎጃም በደብረ ኤልያስ ቅኔ ተምሮ የመጣ ሰው ሲሆን፥ በአዲስ አበባ በመምህርነት ሳለ ተማሪዎቹን እያስተማረ ቲያትሮቹን አሳየ። ከጣሊያን ወረራ ጥቂት አስቀድሞ፥ በ1927 ዓ.ም. በሐምሌ፥ በመኰንን ሀብተ ወልድ ትጋት የሀገር ፍቅር ማኅበር በተመሠረተ ጊዜም ግጥሙና ዜማው ሕዝቡን ለመቀስቀስ አገለገለ። ዮፍታሔ በ1939 ዓ.ም. ዐረፈ። በዚያ ዘመን ሴት ልጅ በመድረክ መቆም እንደ ነውር ስለሚቈጠር የሴቱን ክፍል የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። ጢሙን የተላጨ ጐልማሳ ሻሽ አስሮ፥ ቀሚስ ለብሶ፥ ትናንት በሜዳ አብሮት ከተጋፋው ባልንጀራው ጋራ እንደ ሙሽራ ይቀመጣል። ሙሽራው ሆኖ የሚጫወተው ሰው ዓይኑን ከዚያ ሻሽ ላይ እንዴት አድርጎ ሳይሥቅ እንደሚያሳርፍ ማሰብ አያስቸግርም። እነ ሰላማዊት ገብረ ሥላሴና እነ አስናቀች ወርቁ ነቀፋውን ችለው ወደ መድረክ ከወጡ ወዲህ ይህ ፈተና ቀረ፤ ነገር ግን በእነርሱ ላይ ሌላ ፈተና መጣ፤ ሕዝቡ በቲያትሩ ሳይሆን በእነርሱ ድፍረት ሲሥቅ እነርሱ ፊታቸውን ገትተው መቆም ነበረባቸው።

የቅኔ ቤቱ ሐረግ በዚህ አልተቈረጠም። መንግሥቱ ለማ የአለቃ ለማ ኃይሉ ልጅ ነው። በለንደን ተምሮ ተመልሶ ጠልፎ በኪሴንና ያላቻ ጋብቻን ጻፈ፤ በአማርኛ ኮሜዲ ከእነዚህ የሚስተካከል ጥቂት ነው። የእነዚህ ቲያትሮች ሰዎች ቀልደኞች አይደሉም። ስለ ዘርና ስለ ማዕርግ፥ ስለ ጠለፋና ስለ ወግ ከልባቸው ይከራከራሉ፤ ሣቁ የሚመጣው ከእነርሱ ቁም ነገር ነው። ይህ ሰው የእንግሊዝን ቲያትር ጠንቅቆ ቢያውቅም፥ ይህን ያህል ፊትን መግታት ከወዴት እንደ ተማረ የሚያሳየው ሌላ መጽሐፉ ነው። የአባቱን ትዝታ ከአባቱ አፍ እየተቀበለ ጽፎ በ1959 ዓ.ም. አሳተመው። በዚያ መጽሐፍ ሽማግሌው አለቃ ስለ ቅኔ ቤት ረኃብና ስለ መምህራን ጠባይ፥ ስለ ነገሥታቱም ዘመን ሲተርኩ ሣቅ በየገጹ ይፈነዳል፤ ሽማግሌው ግን አንድ ጊዜ እንኳ ለማሣቅ የፈለጉ አይመስሉም።

ቤተ ክርስቲያን ስለዚህ ሁሉ ምን ትላለች የሚል ይኖራል። ዮሐንስ አፈ ወርቅ በአንጾኪያ ሳለ የማቴዎስን ወንጌል ሲተረጕም በስድስተኛው ድርሳኑ፥ ጌታ በአልዓዛርና በኢየሩሳሌም እንዳለቀሰ እንጂ እንደ ሣቀ እንዳልተጻፈ ያሳስባል፤ ቲያትር ቤቱንም በጽኑ ይገሥጻል። ይህን ክፍል የሚጠቅሱ ሰዎች ግን በዚያው ድርሳን ሣቅን ሁሉ ለማጥፋት ሳይሆን የልብን መፍሰስ ለመከልከል እንደ ተናገረ የሚገልጸውን ቃል ብዙ ጊዜ ይዘሉታል። ይልቁንም ቤተ ክርስቲያን ከቀልደኞች መካከል ሰማዕታት አሏት። የእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን ስንክሳር በመስከረም 18 ቀን የሚያስበው ጶርፊርዮስ በ4ኛው መቶ ዓመት ቀልደኛ ተዋናይ ነበር። በከሐዲው በዑልያኖስ ፊት በክርስቲያኖች ሥርዓት እንዲሣለቅ ታዝዞ የጥምቀትን ነገር ሊያሳይ ወደ ውኃ ገባ፤ በሥላሴም ስም አጠመቀ። ከውኃው በወጣ ጊዜ ግን ዓይነ ልቡናው ተከፍቶ ክርስቲያን ነኝ አለ፤ በሰይፍም ተገደለ። በሮም ጌኔስዮስ በዲዮቅልጥያኖስ ዘመን፥ በሶርያም ገላስዮስ እንዲሁ ሆኑ ተብሎ ተጽፏል። የእነዚህን ሰዎች ታሪክ በማሣቅ ሥራ በኩል ያየው ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ጥምቀትን አስመስሎ የሚያሳይ ሰው ሕዝቡን ለማሣቅ የግድ ፊቱን ማክበድ ነበረበት፤ ካህን ሊመስል፥ ቃሉንም ሳያጎድል ሊናገር ይገባው ነበር። የውሸቱን ክብር እስከ ፍጻሜው በጠበቀ ጊዜ እውነቱ መጣበት። አስቀድሞ ቢሥቅ ኖሮ ውኃው ውኃ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር።

ወደ ደቡብ ሲወረድ፥ ከአዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ከተማ ስሟን ከበዓል ያገኘች ናት። አገሬው ዋቸሞ ይላት ነበር፤ ይህም ስም ዛሬ በዩኒቨርሲቲዋ ስም ይኖራል። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከምባታን የገዙት ራስ አባተ ቧያለው ሆሳዕና ብለው ሰየሟት፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህም የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆናለች። ሆሳዕና የተባለው ዕለት በሣቅና በልቅሶ ድንበር ላይ የቆመ ነው። ጠዋት ሕፃናቱ ዘንባባ ይዘው ይዘምራሉ፤ በዚያው ዕለት ግን በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት ስለማይደረግ ለሚያርፈው ሁሉ አስቀድሞ ጸሎተ ፍትሐት ይደረጋል። ከማግሥቱም ጀምሮ ሰላምታ መለዋወጥና መስቀል መሳለም ይቀራል። የከተማዋ ሰዎች ይህን ስም በየቀኑ ሲጠሩ ድንበሩን ይጠራሉ።

ወደዚህች ከተማና ወደ ዱራሜ፥ ወደ አንጋጫ፥ ወደ ሺንሺቾ የአማርኛ ቀልድ የገባው መጀመሪያ በካህናትና በወታደሮች አፍ ነበር፤ ቅኔ የተማሩት ሰዎች የአለቃ ገብረ ሐናን ጨዋታ ሳይዙ አልመጡም። ከ1980ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በካሴትና በቴሌቪዥን ገባ። ያን ጊዜ ሁለት ሁለት እየሆኑ የሚጫወቱ ቀልደኞች ተወድደው ነበር፤ አለባቸው ተካና ልመነህ ታደሰ፥ ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ ስማቸው በየቤቱ ይነሣ ነበር። ሁለት ሆኖ መጫወት ፊትን መግታትን እጥፍ ያደርገዋል። ብቻውን የሚጫወት ሰው የራሱን ሣቅ ብቻ ይታገላል፤ ሁለት የሆኑ ግን አንዱ በሌላው ዓይን ውስጥ የሣቅ እሳት ሲጫር ያያል። የአንዱ ሥራ መናገር፥ የሁለተኛው ሥራ ባልገባው ሰው ፊት መስማት ነው፤ የሁለተኛው ሥራ ከመጀመሪያው ይከብዳል፤ ምስጋናው ግን ያንሳል።

በዚያው ዘመን በየመድረኩ የተለመደ አንድ ዓይነት ቀልድ ነበር፤ ፈጽሞም አልጠፋም። እርሱም አማርኛ አፍ መፍቻው ያልሆነ ያገር ሰው አማርኛ ሲናገር ማስመሰል ነው። ሴቱን ወንድ፥ ወንዱን ሴት አድርጎ መጥራት፥ ግሡን ማዛባት፥ ድምፁን መጐተት የቀልዱ ሁሉ መሣሪያ ነው። ቀልደኛው ፊቱን ይገታል፤ በዚህ በኩል ጥበቡን ያውቃል። አዳራሹም ይሥቃል። ነገር ግን የሀድያ ወይም የከምባታ ሰው በዚያ አዳራሽ ተቀምጦ ከሆነ፥ እርሱም ፊቱን ይገታል። የተናጋሪው ፊት የተገታው በሞያ ነው፤ የእርሱ ፊት የተገታው ጥርሱን ነክሶ ነው። ጥርስ ባዳ ነው ይባላልና፥ አንዳንዱም ከሌሎቹ ጋራ ይሥቃል። አለቃ ገብረ ሐና ለእመቤቲቱ የተዉላት በር ለዚህ ሰው አልተተወለትም። ቀልዱ ሰም ብቻ ነው እንጂ ወርቅ የለውም፤ ስለዚህ እንዳልገባው ሆኖ አሜን ሊልበት አይችልም። ደግሞም ይኸው ቀልደኛ ሆሳዕና ገበያ ወርዶ ሀዲይኛ ለመናገር ቢሞክር ኖሮ፥ ስንት ወንድ ሴት ባደረገ ነበር። ገበያተኛው ፊቱን ገትቶ የፈለገውን ዕቃ በሸጠለት ነበር።

ሀዲይኛና ከምባትኛ ለመሣቂያ ሳይሆን ለመማሪያ የተጻፉበትም ዘመን አለ። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ማስተማሪያ ከሆኑት 15 ቋንቋዎች ሁለቱ እነዚህ ነበሩ፤ የተጻፉትም በግእዝ ፊደል ነበር። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ ልጆቹ በላቲን ፊደል ይማሯቸዋል።

የሚያስደንቀው ግን በመድረክ ላይ በንግግሩ የሚቀለድበት ይህ ሕዝብ፥ ቃልን በቃል ጀርባ የመሰወርን ጥበብ ከማንም ቅኔ ቤት ሳይማር በየቤቱ ይዞት መኖሩ ነው። በከምባታ ባሊሻ የሚባል የሴቶች የአነጋገር ሥርዓት አለ፤ በሀድያም የሚመስለው ይገኛል። ያገባች ሴት የባልዋን አባትና እናት ስም አትጠራም። ስማቸውን ብቻ አይደለም፤ በስማቸው መጀመሪያ ድምፅ የሚጀምረውን ቃል ሁሉ ትተወዋለች። በአማርኛ ብንመስለው፥ አማቷ ውብሸት የሚባሉ ሴት ውኃንም ውሻንም በስማቸው ልትጠራ አትችልም ማለት ነው። በእነዚህ ፈንታ ሌላ ቃል ታስገባለች፤ አንዳንዱ ቃል ከጎረቤት ቋንቋ የተወሰደ፥ አንዳንዱ ነገሩን በጠባዩ የሚጠራ፥ አንዳንዱም ከአያቶች ሲተላለፍ የቆየ ነው። ሥርዓቱ በአፍ ብቻ አይቀርም፤ በአማቶቿ ፊት ዓይኗን ዝቅ ታደርጋለች፤ ፊቷን ትገታለች። የሚሰማት ሰው ሁሉ የተሰወረው ስም የማን እንደ ሆነ ያውቃል፤ አማትዋም ያውቃሉ፤ እርስዋም እንደሚያውቁ ታውቃለች። ዛሬ ከወጣቶቹ ሴቶች ይህን ሥርዓት የሚጠብቁት እያነሱ ሄደዋል፤ አሮጊቶቹ ግን በዱራሜም በአንጋጫም ገበያ ውኃውን በሌላ ስሙ እየጠሩ ይገዛሉ፤ ይሸጣሉ፤ ይጨዋወታሉም።